ያልታጠበው ጨርቅ

አዛውንቱ አጣቢ የእንግዳ ማረፊያውን አንሶላ ተሸክመው ወደ ቤታቸው ጣሪያ ሲወጡ፣ ደረጃው መሀል ከእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቱ በከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ከተቀጠረች ገና ዓመቷ ነው። ሙጫና ወረቀት ይዛለች።

«ደግሞ ምን ጉድ ነው የምትለጥፊብን?»

«ከተማው በአየሩ ውስጥ ምን ያህል ጭስ እንደሚፈቀድ ሊወስን ነው፣ ጋሼ። ከመወሰኑ በፊት ነዋሪው ምክሩን እንዲሰጥ ተጠርቷል። የዛሬ ሳምንት፣ በአዳራሹ። እርስዎም ይመጣሉ።»

«እኔ?» ብለው ሳቁ። «አየር የሚመክር አጣቢ የት አየሽ? ቢመክሩትስ መች ይሰማል!»

ልጅቱ የሸክሙን አንድ ጫፍ ይዛ አብራቸው ወጣች። አጣቢው አንሶላውን ከመስቀላቸው በፊት ከኪሳቸው ነጭ ጨርቅ አውጥተው የማስጫውን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለወሉት። ጨርቁ ከል መሰለ። ወዲያው ሳሙና ውሃ ውስጥ ነከሩት።

«ይህን ዘወትር ያደርጋሉ?»

«ካላደረግሁማ አንሶላው የሜዳ አህያ ይሆናል።»

«ጥቀርሻው መቼ ነው የሚብሰው?»

«ሲነጋ ነዋ! የጡብ ፋብሪካው እቶኑን የሚለኩሰው ጎህ ሲቀድ ነው። ረፋድ ላይ ነፋሱ ይጠርገዋል። ከሰዓት በኋላ ገመዱን ብትልሺው እንኳ ምላስሽ አይጠቁርም።»

ልጅቱ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። «የደንቡ ረቂቅ እኮ የሚለካው የቀኑን ሙሉ አማካይ ብቻ ነው። የንጋቱ ጭስ ከቀትሩ ንጹሕ አየር ጋር ሲደባለቅ ቀኑ ደኅና ይመስላል። መለኪያ መሣሪያችንም ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። የዚህን ሰፈር ንጋት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«የተማሩትን እኔ ላስተምራቸው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ የኔ ልጅ።»

«በሽታውን የደበቀስ መድኃኒት ያገኛል?»

ከታች የባለቤታቸው ሳል ተሰማ። የባለቤታቸው አልጋ ድሮ መስኮቱ ሥር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በመንገድ ያለፈውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ የሚቀልዱት ከዚያ ሆነው ነው። ዘንድሮ ሳሉ ቢበረታባቸው መስኮቱ በላስቲክ ተሸፈነ፤ አልጋውም ወደ ጨለማው ጥግ ተገፋ። አጣቢው ያልተጨማደደውን አንሶላ መልሰው መላልሰው አቃኑ።

«ስለ እሷ ነው የምትዪኝ።»

«አዎ። ሐኪሙ ሽሮፕ ይሰጣቸዋል፤ አየር ግን ሊሰጣቸው አይችልም። ይልቅ ሰባት ቀን ጨርቁን አይጠቡት። በየቀኑ አዲስ ይያዙ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉበት።»

«አጣቢ ቆሻሻ ጨርቅ ይዞ አደባባይ ይውጣ? ደንበኞቼ ምን ይሉኛል!»

ሰው ማፈር በማይገባው ነገር ሲያፍር ይኖራል። ቆሻሻው የእሳቸው አልነበረም። እሳቸው የሌላውን ጥቀርሻ በየማለዳው ዝም ብለው እያጠቡ፣ ሳያውቁት ምስክሩን ሲያጠፉ ኖረዋል እንጂ።

እንደ ምንም እሺ አሉ። በአራተኛው ቀን ግን እጃቸው ከልባቸው ቀደመና አራቱንም ጨርቆች አጥበው አሰጧቸው። ያደረጉትን ሲያዩ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ባለቤታቸው ገቡ።

«አርባ ዓመት ያጠበ እጅ በአራት ቀን መች ያርፋል?» አሉ ባለቤታቸው እየሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ሳሉ ሲበርድላቸው የባላቸውን የሻከረ እጅ ያዙ። «ሦስት ቀን ይቀርሃል። ሂድና ንገርልኝ።»

በቀሩት ሦስት ቀናት አጣቢው አንድ ነገር ከራሳቸው ጨመሩ። ገመዱን ከሰዓት በኋላም በሌላ ጨርቅ ወለወሉት።

በአዳራሹ ተራቸው ሲደርስ ወደ ፊት ወጡ። ስድስቱን ጨርቆች ጠረጴዛው ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገው ዘረጉ።

«ይህ የጠዋት ነው፤ ይህ የዚያው ዕለት የከሰዓት በኋላ። ሁለቱን ደባልቃችሁ ብትለኩ ግራጫ ይወጣላችኋል። ባለቤቴ ግን ግራጫውን አይደለም የምትተነፍሰው። ጥቁሩን ነው።»

የፋብሪካው ኃላፊ ተነሡ። «ታዲያ አባት፣ እቶኑ ይዘጋ ነው የሚሉን?»

«አልወጣኝም! የምኖርበትም ቤት በእናንተው ጡብ የተሠራ ነው። ነፋሱ ረፋድ ላይ ይነሣል፤ ያኔ ለኩሱት። ማጣሪያም ካለ አድርጉበት።»

ደንቡ ሲወጣ ከቀኑ ልክ ጎን የየሰዓቱ ልክም ተጻፈበት። አንድ መለኪያ መሣሪያ በአጣቢው ቤት ጣሪያ ላይ ተተከለ። እቶኑም ረፋድ ላይ መለኮስ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎች በማለዳ አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ ይሄዳሉ፤ አንሶላም ሁለት ጊዜ አይታጠብም። ሊቅ መሣሪያውን ያውቃል፤ ነዋሪ ሰዓቱን ያውቃል። ደንብ የሚቀናው ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ መሆኑን ሰፈሩ ተማረ።

ከሦስት ወር በኋላ አጣቢው የእህታቸውን ልጅ ጠርተው ላስቲኩን ቀደዱ፤ አልጋውንም በሁለት ወገን ይዘው መስኮቱ ሥር መለሱት። ባለቤታቸው በክርናቸው ተደግፈው ወደ ውጭ አዩ።

«የዛሬው ጨርቅ እንዴት ነው?»

አጣቢው ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩዋቸው። አመድማ ነው።

«ገና አልነጣም» አሉ።

«ታዲያ ምን አስቀመጠህ?» አሉ ባለቤታቸው። «ሌላው ስብሰባ መቼ ነው?»