ከባና የተሰፋው ሕፃን

«አይተነፍስም! ኧረ አይተነፍስም!»

ድምፁ የባስልዮስ ነው። የጎረቤቴ የጋሼ ኃይለመስቀል የመጨረሻ ልጅ ሲሆን ከጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቷል። እኔ ወንፊት ልዋስ ደጃቸው ደርሼ ነበር፤ ጋሼም ከበጎቹ ጉረኖ እየሮጡ መጡና እኩል ገባን። ልጁ መደቡ ሥር ተንበርክኮ የተጠቀለለ ሕፃን ጀርባ ያሻል። ከጥቅልሉ ሁለት ትንንሽ እግሮች ተንጠልጥለዋል።

«የማን ነው?» አሉ ጋሼ።

ባስልዮስ ደንግጦ ጥቅልሉን ደረቱ ላይ አቀፈ። ማቀፉ ነገሩን አባሰው።

«የማንን ልጅ ነው ይዘህብን የመጣህ?»

እኔ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ ብዙ ነገር ግማሹን አውቃለሁ። ወጣት ልጅ ከከተማ ሕፃን ታቅፎ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሙሉውን አውቃለሁ። «ማርያም ማርያም» እያልኩ ሕፃኑን ቀማሁት። ቀለለኝ። ገለጥ ባደርገው ፊት የለውም። ካረጀ ባና፣ ከዚያ ከወፍራሙ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችን የተሰፋ፣ ሆዱ በበግ ጠጉር የተጠቀጠቀ አሻንጉሊት ነው።

«እኔ ነኝ የሰፋሁለት» አለች ጽናት ከምድጃው አጠገብ፣ ሳቋን አፍና። ጽናት የበኩር ልጃቸው የአወቀ ሚስት ናት፤ ወሯ ገብቶ መነሣትና መቀመጥ ከብዷታል።

«አሻንጉሊት?» ጋሼ አንዴ እኔን አንዴ ልጃቸውን አዩ። «ጢም ያበቀለ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል?»

«ልምምድ ነው አባባ። ሕፃን ተወልዶ አልተነፍስ ሲል ምን እንደሚደረግ ስመለስ እፈተናለሁ።»

«ሐኪም በዚህ ይፈተናል?»

«የምማረው አዋላጅነት ነው። ያኔም ነግሬዎት ነበር፤ ለሰንበቴው ሐኪም ብለው የነገሩት እርስዎ ነዎት።»

ለዚህስ ምስክር ነኝ። «ሐኪሙ ልጄ» እያሉ ጠላው እስኪቀዘቅዝብን ያወሩ ነበር። እኔም አምኜ የጉልበቴን ሕመም በስልክ እንዲጠይቁልኝ ልኬባቸው ነበር። መልሱ ሳይመጣ የቀረው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ጋሼ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ሰኞ አትሄድም» አሉ። «ከበጎቹ ጋር ትውላለህ። ለማዋለድ ደብሪቱ ትበቃለች። ዩኒቨርሲቲ ሳትረግጥ አገሩን ሁሉ ተቀብላለች።»

«እማማ ደብሪቱን አከብራለሁ፤ እኔንም የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ግን ሕፃኑ እንደወጣ መጀመሪያ ምን ያደርጉታል?»

«ያጥቡታላ!»

«በዚህ ብርድ?»

«ታዲያ በደሙ ይተኛ?»

«አባባ፣ ባለፈው ውርጭ የወረደ ለት ጥቁሯ በግ ወልዳ ነበር። ግልገሉን አጠቡት?»

«አብደሃል? ይሞታላ! በጭድ ጠራርጌ፣ ጋቢዬ ውስጥ ደረቴ ላይ ለጥፌ አሞቅሁት። ከዚያ ወደ እናቱ ጡት።»

«የሚያስተምሩንም ይህንኑ ነው። ወዲያው ማድረቅ፣ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማስተኛት፣ ደርቦ ማልበስ፣ ቶሎ ማጥባት። መታጠቡ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ይቆያል።»

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ወንፊቴን ልጠይቅ ስል ጋሼ ፊታቸው ፈካ።

«እኔ የማውቀውን ለመማር ነዋ አራት ዓመት የምትቀመጥ!»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ግራ ገባኝ። ልጁ የረታ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ አባትዮው ረቱ። ጋሼ መደናገሬን አይተው ጨመሩበት።

«ደግሞስ የትኛዋ ሴት ናት ወንድ አጠገቤ ይቁም የምትል?»

«አንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራብኝ ነበር» አለ ባስልዮስ። «ምጡ ሲጠናባት ግን እጄን ይዛ ጣቶቼን ልትሰብራቸው ምንም አልቀራት። ሲነጋ ለልጇ ስም አውጣልኝ አለችኝ።»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በግ ምጥ ሲጠናባት አገሩ ሁሉ የሚጠራው እርስዎን አይደለም? እጅጌዎን ሰብስበው ሲገቡ ሴት ናቸው ያለዎት አለ?»

«አንቺ ወንፊትሽን ይዘሽ ሂጂ!» አሉኝ። ወንፊቱን ግን አልሰጡኝም፤ እኔም አልሄድኩም።

ባስልዮስ ወደ አባቱ ጠጋ አለ። «ግልገሉ ሳይተነፍስ ሲወጣስ ምን ያደርጋሉ?»

«በኋላ እግሩ ይዤ አወዛውዘዋለሁ። አንዳንዱ ይነቃል።»

«ያልነቃውስ?»

«ያልነቃው አልነቃማ።»

«ሕፃንን ማወዛወዝ ይጎዳዋል። አየር የሚሰጥበት መሣሪያ አለ፤ ሲበዛ ሳንባውን ይጎዳል፣ ሲያንስ አያነቃውም። ይቺን ባና የማሠቃያት እጄ ልኩን እስኪለምድ ነው። እናቲቱ በግስ? ወልዳ ደሟ አልቆም ቢል?»

«ምን አማራጭ አለኝ? አርዳታለሁ።»

ጽናት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። ጋሼ የራሳቸውን ቃል የሰሙት እሷን ካዩ በኋላ ይመስለኛል።

«ለሴት የሚወጋ መድኃኒት አለ» አለ ባስልዮስ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደሙን ያቆማል። ግን መድኃኒቱም፣ መውጋት የሚያውቀውም ሰው በሰዓቱ አጠገቧ መገኘት አለባቸው። አራት ዓመቱ ለዚያ ነው።»

ጋሼ ጋቢያቸውን አውልቀው መልሰው ለበሱት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጽናት፣ ልጄ፣ ምጥ እስኪመጣ እዚህ አትቆዪም። አወቀ በበቅሎ አድርጎ ዘመሮ ከተማ ያድርስሽ፤ ጤና ጣቢያው አጠገብ ትቆያለሽ። ደብሪቱም አብራሽ ትሂድ፤ ታጽናናሽ፣ እግረ መንገዷንም እዚያ እንዴት እንደሚያዋልዱ ትይ። ይህም ልጅ ሰኞ ይሂድ።»

እኔም በበኩሌ ለጎረቤቶቼ የምለው ይህንኑ ነው። ነፍሰ ጡር ያላችሁ ቀኗ ሳይደርስ ወደ ጤና ጣቢያ አቅርቧት፤ ቁልቁለቱ በምጥ አይወረድም። የተወለደውን አድርቁት፣ እናቱ ደረት ላይ አድርጉት፤ ውኃው ነገም አለ። ልጃችሁ አዋላጅነት ደርሶት ከሆነ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አትፈሩበት። ያ ልጅ ከተመረቀ በዚህ ዳገት ላይ ሁለት ነፍስ በአንድ ሌሊት ማትረፍ ይችላል።

ልሰናበት ስነሣ ጋሼ አሻንጉሊቷን አንሥተዋል፤ ሳያስቡት ይመስለኛል ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠዋታል። ይህን አይቼ ዝም ብል ኖሮ ወንፊቱን ይዤ በሰላም በወጣሁ።

«ለመሆኑ ጋሼ» አልኳቸው፣ «ልጁ ይህን ሁሉ ከእርስዎ መማር ሲችል ምን አገር አቋርጦ አስኬደው?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ ያቃተኝን አርዳለሁ» አሉ።