የደረቀው ወንዝ ቀለም

— ሄሎ?... አቤት፣ ፕላን ክፍል ነው።... ማን ልበል?... ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ። ድምፅህ ራቀብኝ እኮ። ቆይ አንዴ፣ ካርታው ሊጠቀለልብኝ ነው።

ፕላነሯ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ወትፋ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ካርታ ጫፍ በሻይ ብርጭቆዋ ጫነችው። ከኋላዋ ትልቁ የካርታ ማተሚያ ይንጓጓል። ሸምገል ያለው ንድፍ ሠሪ አጠገቡ ቆሞ የሚወጣውን ወረቀት እንደ ታጠበ አንሶላ በሁለት ክንዱ ይቀበላል። ለዓመታት የለፋችበት የአካባቢው የመሬት አጠቃቀም ፕላን ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ይጸድቃል፤ ምሳዋን እንኳ በቅጡ አልበላችም። የደወለላት ግንበኛው ታናሽ ወንድሟ ነው።

— አዎ፣ እውነት ነው። ቢጫ ሆኗል።... ማን ነገረህ?... እማዬ? እሷንስ ማን ነገራት?... እኔ እንጃ፣ እዚያ ሰፈር ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ። እኔ እኮ ገና ለኃላፊው እንኳን አላሳየሁትም።... አታመስግነኝ ባክህ። ሰፈሩ ሁሉ እጁን አውጥቶ ነው።... እሱማ ልክ ነህ፣ እጅ ማውጣት ብቻውን ቀለም አይቀይርም። እሺ፣ እኔ ነኝ። በቃህ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሱ ሥራ ቢጫ ማለት ቤት የሚሠራበት ቦታ ነው። አረንጓዴ ማለት ደግሞ ማንም የማይሠራበት፣ ሣርና ዛፍ የሚበቅልበት፣ ውሃ የመጣ ቀን ውሃው የሚያልፍበት። ከታችኛው ሰፈር ግርጌ ያለው ደረቅ ወንዝ እስከ ትናንት ድረስ አረንጓዴ ነበር። ዛሬ ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ፣ ፕላነሯ በገዛ እጇ ቢጫ አደረገችው።

እዚያ ነው ተወልደው ያደጉት። አንድ ክረምት ውሃው መጥቶ ቤታቸውን ይዞት ሄደ። የመጨረሻውን ልጅ፣ ማሙሽንም፣ አብሮ ይዞት ሄደ። ቢፈለግ፣ ቢፈለግ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ወንዙ አቅጣጫውን ቀየረ፣ ቦታውም ደርቆ ሣር አበቀለ። እናቷ ወደ ላይኛው ሰፈር ብትወጣም ልቧ አብሯት አልወጣም። የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነስታ፣ ልጅ የወለድኩበትን መሬት ለሣር ሰጣችሁት ብላ ስትናገር አዳራሹ ሙሉ እንባ በእንባ ሆነ። ፕላነሯም መድረኩ ላይ ተቀምጣ ወረቀት የምታገላብጥ መሰለች።

— ተው፣ አታላግጥብኝ።... አዎ፣ ስብሰባ ላይ ያልኩትን አሁንም እላለሁ። መሬት የሚችለውን ነው የሚሸከመው።... አዎ፣ ላይ ያለው የሚሠራው ታች ያለውን እንዳይጎዳ።... እሱንም ብያለሁ፣ ገና ላልተወለደውም ቦታ ይተርፍለት ብያለሁ። በቃልህ ይዘኸዋል እንዴ? ለምን አንተ ስብሰባውን አትመራልኝም?... ደንቡ የነዋሪው ፍላጎት ይሰማል የሚልም አለበት እኮ፣ እሱን ዘለልከው። እማዬ ነዋሪ አይደለችም?

ይህችን የመጨረሻዋን ነው አንጠልጥላ የያዘችው። ደንቡ፣ ውሃ እስከ የት ደርሶ እንደሚያውቅ ሰው እስከሚያስታውሰው ድረስ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እዩ ይላል። እሷ ግን ዛሬ ጠዋት ከሰማይ የተነሱትን የቅርብ ዓመታት ምስሎች ብቻ ደረደረች። በነዚያ ምስሎች ላይ ወንዙ እንደ ቤት ወለል ደረቅ ነው። ምስሎቹ አልዋሹም፤ የመረጠቻቸው እሷ ናት። የትኛውን ውሃ እንደተወችም ታውቃለች።

— ምን አልከኝ?... ገባች? የት ገባች?... አንተ ሰውዬ፣ ገና ዛሬ እኮ ነው የሚጸድቀው።... ጣራውንም መትተሃል?... እኔ ልሙት፣ ጉድ ነህ። አንድ ቀን እኔንም አንተንም አንድ ላይ ነው የሚያስሩን።... እና ከዚያው ሆነህ ነው የምትደውለው?

ሳታስበው ሳቀች። ሳምንት ሆኗታል አሉ እናቷ ከገባች። አልጋዋ በመስኮቱ በኩል ነው፣ በሩ ድሮ በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ፕላነሯ ቤቱን በዓይነ ሕሊናዋ እያየች ካርታው ላይ በእርሳሷ ፈለገችው። ቢጫው መሀል አንዲት ትንሽ ቀይ አራት ማዕዘን አለች። ይህን ያህል ቤት ከተሠራ መዋዕለ ሕፃናት ይኑር ይላል መመሪያው፤ ጠዋት ቦታ ስትፈልግለት እጇ ዝም ብሎ እዚያ ላይ ነበር ያረፈው። አሁን ልብ ስትል፣ ከድሮ ግቢያቸው አጠገብ ነው።

— እሰማሃለሁ። ቆይ... ከኋላህ የሚንሿሿው ምንድን ነው?... ውሃ ነው የሚመስለው። ቧንቧ ከፍተሃል?... ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ማተሚያውን አንዴ ያቁሙልኝ። አላሰማኝም።

ማተሚያው ቆመ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ውሃው ግን ቀጠለ።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... አሁንም አለ። በርሜል እየሞላህ ነው?... ባዶ ነው። እሺ። የቧንቧው መስመርስ?... ገና አልደረሰም።... ዝናብም የለም?... አይ፣ አልጃጀሁም። አንድ ጊዜ ዝም በልና አድምጥ እስቲ።... ምንም አይሰማህም?... በቃ፣ መስመሩ ይሆናል። እማዬን አቅርብልኝ።

መስመር ሲበላሽ እንዴት እንደሚጮህ ታውቃለች፤ በዚህ ስልክ ስንት ዓመት አውርታለች። ይሄኛው ድንጋይ እየታከከ የሚሄድ ውሃ ነው።

— እማዬ፣ እንዴት ነሽ?... እግርሽስ?... ጎሽ። እንኳን ደስ አለሽ።... እንቅልፍ ይወስድሻል? ተመስገን፣ ላይ ቤት እኮ ዓይንሽን ሳትከድኚ ነበር የሚነጋው።... አይከፋሽም ብቻሽን?... ማን አለና ነው ብቻዬን አይደለሁም የምትዪው? ወንድሜ ሲመሽ ቤቱ አይደል እንዴ የሚገባው?... ማን?

እርሳሷን ካርታው ላይ አስቀመጠችው።

— እማዬ... ማሙሽ ከሄደ ስንት ዘመኑ።... አውቃለሁ።... አውቃለሁ፣ አላደገም።... በየት በኩል? ከወለሉ ሥር?... በቀንም?... ለወንድሜ ነግረሽዋል?... ይስቅብኛል ብለሽ። እኔ አልስቅም፣ ንገሪኝ። ምን ይልሻል?

በሩ ተከፈተና ኃላፊው ክራቫቱን እያስተካከለ አንገቱን አስገባ።

— እመጣለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ።... ካርታው? እየታተመ ነው።... ይቅርታ እማዬ፣ ኃላፊው ነው። ቀጥዪ።... ስንት ቤት ይሠራል ብሎ ጠየቀሽ?... እና... ስንት ልጅ ይመጣል ብሎ።... ብቻውን መጫወት ሰለቸው?

ሻይዋን ልትጎነጭ ብርጭቆውን ስታነሳው ካርታው ከጫፉ ተጠቀለለ። እንደዚያው ይዛው ቀረች።

— አንቺስ ምን አልሽው?... እኅትህ ቦታውን ቤት ይሠራበት ብላለች፣ ልጆች ይመጡልሃል አልሽው።... መቼ ነው እንዲህ ያልሽው?... ትናንት?... እማዬ፣ ቀለሙን የቀየርኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ትናንት እኔም እንደምቀይረው አላውቅም ነበር። ማን ነገረሽ?... ንገሪኝ፣ ማን?... እሱ ነው የነገረሽ።

ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አኖረችው። ፈራች፤ ፍርሃቷን የምታሳየው ሰው ግን አልነበረም። የእናቷ ድምፅ ደስተኛ ነበር፤ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ፕላነሯ ልጅ ሳለች እንደነበረው ቀለል ያለ። ይህን ድምፅ ለመስማት ስትል ነበር ጠዋት እዚያ ካርታ ላይ ያጎነበሰችው። አንድ ቃል ከተናገረች ደግሞ ይሄው ድምፅ ይጠፋል።

— አንዴ ቆዪኝ እማዬ፣ እንዳትዘጊው።... ጋሼ፣ የሚታተመው ይቅር።... አዎ፣ በሙሉ። ከደረቁ ወንዝ ላይ ቢጫውን ያንሱልኝ።... አረንጓዴ፣ እንደ ነበረው። ቀይዋንም ያጥፏት።... ስብሰባው እንደደረሰ አውቃለሁ። ያኔ ውሃው የደረሰበት መስመር እርስዎ ዘንድ አለ፣ እሱም ይግባ።... አዎ፣ አይግባ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ይግባ።

ንድፍ ሠሪው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞረ።

— ሄሎ?... አንተ ነህ? ሰማሃኝ ማለት ነው።... አዎ፣ ይመለሳል።... ቤቱም ይነሳል። አዎ፣ የእማዬ ቤት።... ስደበኝ፣ ምን ላድርግህ። ብትሰድበኝም እውነትህን ነው፣ እኔው ሰጥቼ እኔው ነሳሁህ።... ላብህ መሆኑን አውቃለሁ። ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጆችህን ይዘህ ልትገባ ነበር?... መቼ?... ቅዳሜ?

ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት ናቸው የወንድሟ ልጆች፤ ትንሹ የማሙሽን ፊት ይዞ ነው የተወለደው፣ ይህን ዘመድ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አያነሳውም።

— አትውሰዳቸው።... በሞቴ አትውሰዳቸው።... ምክንያቱማ ላይኛው ተራራ ተመንጥሮ አልቋል፣ ውሃ የሚይዝ ሥር የለም። አንድ ቀን የመጣ እንደሆነ የሚያውቀው የድሮ መንገዱን ነው። ስብሰባ ላይም የምናገረው ይህንኑ ነው።... ይህን ጠዋት አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።... ሌላ ምክንያት የለኝም። ቢኖረኝም በስልክ አይነገርም። እማዬን መልስልኝ።

ውሃው አሁን ቀረብ ብሏል፤ ከጀርባ መሆኑ ቀርቶ ስልኩ ራሱ ውስጥ ያለ ይመስላል።

— እማዬ፣ ዛሬ እመጣና እወስድሻለሁ። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ፣ አንድ ክፍል ባዶ አደርግልሻለሁ።... አውቃለሁ። ልጅሽን ሁለተኛ ጥለሽ እንደማትወጪ አውቃለሁ።... ሰምቶናል?... ምን አለ?... ማልቀስ ጀመረ?

ማሙሽ ሲያለቅስ አባብይው የምትባለው እሷ ነበረች፤ በጀርባዋ አዝላ ግቢውን ስትዞር ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ትከሻዋ ላይ ይተኛል። ትከሻዋን ነካችው።

— እማዬ፣ እኅትህ ናት ያለችው በዪው።... አዎ፣ እኔ መሆኔን ይወቅ። አልረሳሁህም ብላለች በዪው። ግን ያልቅስ። ብቻውን ያልቅስ እማዬ። የሰው ልጆች አልሰጠውም።... አይደለም፣ አልጨከንኩም።... እማዬ? ሄሎ?... እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?

መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን ቀስ ብላ ቦታው ላይ መለሰችና እጇን ከላዩ ሳታነሳ ቆመች። ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም፤ የውሃው ድምፅ ግን አልተቋረጠም። ንድፍ ሠሪው አረንጓዴውን አስተካክሎ ጨርሶ ነበር፤ ይታተም ወይ ብሎ በዓይኑ ጠየቃት።

— አዎ ጋሼ፣ ያስነሱት።... ካርታው ቢያልቅም ማሽኑን አያጥፉት። እኔ ከዚህ ክፍል እስክወጣ ድረስ ዝም ብሎ ይጩህ።