ዘግይቶ የደረሰ ደም

የሁሩሙው ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ጋሼ ገብረ መስቀል መቱ ሆስፒታል አጥር ሥር ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ትብለጥ በሰላም ተገላገለች ከተባለ በኋላ ደሟ አልቆም ብሏል። ደም ያስፈልጋታል ሲባል መጀመሪያ ክንዳቸውን የዘረጉት እሳቸው ነበሩ፤ ሰባን ተጠግተዋልና አይሆንም ተባሉ። ባሏ ኩመራም ገና ከወባ ማገገሙ ነውና ተመለሰ። የቀረው ወንድሟ ወልደ የሱስ ነበር። እሱን ግን የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ፈርተው ሽማግሌው ራሳቸው ቡና ማሳ ውስጥ ደብቀውታል።

ጃለኔ ወደ ሥራዋ ስትገባ ድንገት አየቻቸው። ከሱቃቸው ጎን ያደገች፣ ተምራ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሠራተኛ የሆነች ልጅ ናት።

«አካም ቡልተን፣ ጋሼ» አለች ጎንበስ ብላ።

«ምን አዳር አለ ልጄ። የሽማግሌ ደም ውሃ ነው ብላችሁ መለሳችሁኝ።»

«ውሃ ሆኖ አይደለም፤ እርስዎን ጎድተን ሁለት በሽተኛ እንዳናስተኛ ነው። ደም የሚሰጥ ሰው ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ከሥልሳ ያላለፈ፣ ያልከሳና ጤነኛ መሆን አለበት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይሰጡም። ወባ በቅርቡ የያዘው፣ ጉበቱን የታመመም አይሰጥም፤ በሽታው ለተቀባዩ ይተርፋል። ወልደ የሱስ ግን ይሆናል። የት ነው?»

«ሩቅ ሄዷል» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

«ለምን እንደደበቁት ይገባኛል። የእኔም ወንድም ዘምቶ አልተመለሰም። እኛ ግን ደሙን እንጂ ልጁን አንወስድም።»

«ደም ነፍስ ነው ይላል መጽሐፉ። አንዷን ላድን ብዬ ሌላውን ላጉድል?»

«አይጎድልም ጋሼ። የምንቀዳው ጥቂት ነው። ውሃማውን ክፍል ሰውነቱ በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል፤ ቀዩም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ልጅዎ ዐርፎ፣ በልቶ ጠጥቶ ወደ ሥራው ይገባል።»

«መንገድ ላይ ቢይዙትስ?»

«አይዙትም ብዬ አልዋሽዎትም» አለች ጃለኔ። «ትብለጥ ግን ብዙ አትጠብቅም።»

ያልተማረ ሁሉ ሞኝ አይደለም፤ ፍርሃት ግን የተማረውንም ያሞኛል። ሽማግሌው የሁለት ልጆቻቸውን ስም በልባቸው እየጠሩ ብዙ ቆዩ። ምስኪን አባት፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፍርድ በስንቱ ወላጅ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ፀሐይዋ ስትከር ኩመራን ጠርተው ልጃቸው የተደበቀበትን ቦታ ነገሩትና እንዲያመጣው ላኩት።

ወልደ የሱስ አመሻሽ ላይ እያለከለከ ደረሰ። ደሙ ተመረመረ፣ ከእኅቱም ጋር ተስማማ፣ ተቀዳም። ጃለኔ ጠርሙሱን ይዛ ወደ ማዋለጃው ስትገባ ግን የትብለጥ ፊት ተሸፍኖ ነበር።

ሽማግሌው አልጮኹም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወትፈው አለቀሱ። ትንሽ ቆይታ ጃለኔ አጠገባቸው ተንበረከከች። «ጋሼ፣ እዚያው ክፍል ኸዲጃ የምትባል የነጋዴ ሚስት እንደ ትብለጥ እየደማች ነው። ደሟ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን የምጠይቅዎት አንጀቴ እያረረ ነው።»

«ስጫት» አሉ። «እሷም የሰው ልጅ ናት።» ኸዲጃ ተረፈች።

የአርባው ዕለት ጋሼ ገብረ መስቀል ድንኳኑ ውስጥ በለቀስተኛው መካከል ቆሙ። የልጅ ልጃቸው በሴቶቹ እቅፍ ውስጥ ያለቅስ ነበር።

«ጎረቤቶቼ» አሉ፣ «ጤነኛ ጎልማሳ ሁሉ ደም ይስጥ። ለሰጪው ደሙ ይመለስለታል፤ ወላድ ትድናለች፣ ሕፃን እናት ያገኛል። የደማችሁን ዓይነት ሳይቸግራችሁ እወቁ። እንደ እኔ የምትፈሩም እኔን እዩ። ያን ዕለት ወልደ የሱስን በመንገድ ላይ ማንም አልያዘውም፤ ለእኅቱ እንዳይደርስ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ወደ መቱ መንገድ ወጡ፤ ከኋላቸውም አቅም ያላቸው የሁሩሙ ሰዎች ተከተሏቸው።