እትዬ ውዴ ያልጣሉት ስላይድ

ወዳጆቼ፣ ሳልጨርስ እንዳትጠጡ፣ ብርጭቆአችሁን ለጊዜው አስቀምጡልኝ። ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ረምዚ እባላለሁ። ዛሬ በጡረታ ከምንሸኛቸው ከእትዬ ውዴ ጎን አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከባለቤታቸው ቀጥሎ የእሳቸውን ቁጣ የጠገበ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

እትዬ ውዴ እዚህ ጅቡቲ ወደ ቤተ ሙከራችን የመጡ ቀን፣ ከቡላኦስ ሰፈር ሚኒባስ የወረዱት የገዛ በርጩማቸውን ታቅፈው ነው። ጥበቃችን ቦንሳ፣ «ማዘር፣ ገበያው በዚያ በኩል ነው» አላቸው።

«ገበያተኛ አይደለሁም፤ ቆጣሪ ነኝ። የእናንተን ወንበር አላውቀውም፣ የራሴን ወገብ ግን አውቀዋለሁ» አሉት።

ቦንሳም «ቆጣሪ» ሲሉት ጊዜ በአክብሮት እየመራ ወስዶ የመብራት ቆጣሪው ፊት አቆማቸው! ሰውዬው ሕዋስ የሚቆጠር ነገር መሆኑን በምን ይወቀው?

አመላቸውንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማይክሮስኮፕ ላይ ካጎነበሱ በር ያንኳኳ ሁሉ በፈረንሳይኛው «ዱስማን!»፣ ቀስ በል፣ ተብሎ ይባረራል። ሕዋሶቹን ግን «ብሉ እንጂ፣ ምን ታፍራላችሁ?» እያሉ ይጋብዟቸዋል። እኛ አጠገባቸው ሳንድዊች ከከፈትን ወየውልን።

ሥራችንን ለማታውቁ ላስረዳ። በደማችን ውስጥ ጽዳት የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። በጣም ደቃቅ እንክብሎችን በፕሮቲን ሸፍነን እንሰጣቸዋለን። ፕሮቲኑ ጤነኛ ከሆነ በአብዛኛው ያልፉታል፤ ከተበላሸ ይውጡታል። እትዬ ውዴ ለአዲስ ሰው ሲያስረዱ፣ «ዓይን የላቸውም፣ ዳስሰው ነው የሚያውቁት። ገላቸው ላይ የተበላሸውን ለይቶ የሚይዝ መያዣ አለ። ከያዙት በኋላ ዙሪያውን ያቅፉትና ወደ ውስጥ ያስገቡታል፤ እዚያ ይፈጩታል» ይላሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከማንም አልሰማሁም።

አሁን ከሦስት ሰው በቀር ማንም የማያውቀውን ልናዘዝ። አንድ ሐምሌ ላይ፣ ስላይድ በምንለው ስስ መስታወት ላይ ያሉት ሕዋሳት ጤነኛ ያልነውንም የተበላሸውንም እኩል ዋጡት። ሁለት ዓመት የደከምንበት ሥራ ገደል ሊገባ ነው። እኔ፣ «ስላይዱን እንጣለው፤ ሕዋሳቱ ሳይታመሙ አልቀሩም» አልኩ።

እትዬ ውዴ ቀና ብለው አዩኝ። «ሕዋሶቹ ደህና ናቸው። ያ ጤነኛ የምትለው ብልቃጥ የት ሰነበተ?»

«ፍሪጅ ውስጥ።»

«ረምዚ!»

«መስኮት ላይ» አልኩ።

ሐሙስ ወደ ቤት ስቸኩል ረስቼው ሄጄ፣ የዕረፍት ቀኖቻችንን ዓርብና ቅዳሜን በጅቡቲ ፀሐይ ሲጠበስ ነው የዋለው። እሑድ ጠዋት ማንም ሳያየኝ ወደ ፍሪጁ መለስኩት። የሥራ ውሌ ሊታደስ አንድ ወር ቀርቶት ስለነበር ፈራሁ።

አልጮኹብኝም። ስላይዱ ላይ ቀኑን ጻፉበትና፣ «ይሄ አይጣልም። አንተ የደበቅኸውን እነሱ አውቀውታል። ተነሥ፣ ለዶክተር ኢማን እንንገራት» አሉኝ። «ንገራት» አላሉም፣ «እንንገራት» ነው ያሉት። ያቺን አንዲት «እን» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

አለቃችን ዶክተር ኢማን ነገሩን እንደሰሙ፣ «ፀሐይ ብቻ ይህን ካደረገ፣ ለምን ሆን ብለን አንሞክረውም?» አሉ። አንዱን ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ፣ ሌሎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀን መስኮት ላይ አስቀመጥን። እትዬ ውዴ የትኛው የቱ እንደሆነ እንዳይነገራቸው ጠይቀው ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆጠሩ። ዝርዝሩ ሲገለጥ፣ ፀሐይ ላይ የቆየው በቆየው ልክ ተውጧል፤ ፍሪጅ የሰነበተው ግን አልተነካም ማለት ይቻላል። እትዬ ውዴ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ጊዜ እኔም «ዱስማን!» አልኳቸው። በአሥራ አራት ዓመት የቀናኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ውሌም ታደሰ።

እትዬ ውዴ፣ ያን ዕለት ብቻዬን ቢልኩኝ ኖሮ ወደ ዶክተር ኢማን ቢሮ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ሌላ ውሸት ፈጥሬ እገባ ነበር። አብረውኝ ስለወጡ፣ አጠገቤም ስለተቀመጡ ከልቤ አመሰግናለሁ።

በሉ ተነሡ! ሻምፓኝ የያዛችሁም፣ የማንጎ ጭማቂ የያዛችሁም ከፍ አድርጉ። በሚሄዱበት በድሬዳዋ፣ ልጅዎ ፅዮናዊት ዘንድ፣ ዕድሜውን ከጤና ጋር ያድልዎ፤ የልጅ ልጆችዎን እየሳቁ ያሳድጉ። ነገ ከናጋድ ጣቢያ ባቡሩ ሲነሣ ማናችንም ላናለቅስ ተስማምተናል፤ እኔ ግን ከስምምነቱ መውጣቴ ከአሁኑ ይታወቅልኝ። ለእትዬ ውዴ!