ከሥር የተቀመጠው ነጭ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ እውነት ነው። አንዲት የውሸት ቃል ከተገኘችበት የዘይት ቤቱ በርሜሎች ሁሉ ከሥራቸው ይቀደዱ፣ የመጭመቂያውም ጥርስ ይርገፍ!

ዘይት ጨማቂው በሠላሳ ዓመት ሥራው ከአንድ ባሕር የማያንስ ዘይት አጥርቷል። የተጨመቀውን በርሜል ውስጥ ሦስት ቀን ያስተኛዋል፤ ዝቃጩ ሲቀመጥ የጠራውን ከላይ በቀስታ ይቀዳና የቀረውን ይደፋዋል። ዘይቱ ከመጥራቱ የተነሣ ደንበኞቹ እንደ መስታወት እያዩበት ጢማቸውን ይላጩ ነበር። ሰፈሩም «ጋሽ አጥልል» ብሎ ሰይሞታል። ተጠራጣሪነቱም የዚያኑ ያህል ነው፤ ሚዛን ካየ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ይመረምራል፣ ሰው ሰላም ካለው «ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ይላል።

አንድ ሰሞን ሚስቱ በጨጓራ ሕመም አልጋ ላይ ዋለች። ሐኪሙ በጠርሙስ ያለ ነጭ መድኃኒት አዘዘላትና «በዚህ ካልተሻላት ኦፕራሲዮን ነው» አለ። ሁለት ጠርሙስ ጨረሰች። ቃጠሎው አልበረደም፤ ቀሚሷም ሰፍቷት በመቀነት ማሰር ጀመረች። ጋሽ አጥልል ሦስተኛውን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ከሥሩ የተኛውን ነጭ ነገር ባየ ጊዜ ደሙ ፈላ።

«ኖራ ነው የሸጡልኝ!» ብሎ ከድልድዩ በስተቀኝ ወዳለው ፋርማሲ በረረ። በሩ ላይ ከፋርማሲስቷ ጋር ግንባር ለግንባር ከመላተም ለጥቂት ተረፉ።

«ደህና አደሩ ጋሼ፤ ይግቡ።»

«መግባቱን እገባለሁ። ተታልዬ ግን አልወጣም። ይሄ ምንድን ነው?»

«የጨጓራ መድኃኒት ነዋ።»

«ከላይ መድኃኒት፣ ከታች ኖራ! አንቺ ልጅ፣ እኔን በዝቃጭ ልታሞኚኝ? ከዝቃጭ ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ!»

ወጣቷ አልተቆጣችም። «እስቲ ይንገሩኝ፤ ለባለቤትዎ እንዴት ነው የሚሰጧቸው?»

«እንደ ወጉ። መደርደሪያ ላይ አስተኛዋለሁ፤ ከላይ የጠራውን በማንኪያ እሰጣታለሁ፤ ዝቃጩን እደፋዋለሁ። ለገዛ ሚስቴ ዝቃጭ ላጠጣ እንዴ?»

«ጋሼ፣ የደፉት እኮ መድኃኒቱን ነው።»

«አሃ! ጥፋቱ ዞሮ እኔ ላይ!»

ልጅቷ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ጨውና የተፈጨ ጠመኔ አቀረበች። ጋሽ አጥልል ብርጭቆዎቹን አሽትቶ ገለበጣቸውና ውሃውን ራሱ ቀዳ። ጨዉንም ከጎረቤት ሱቅ ራሱ ገዝቶ መጣ። እሷ አንዱ ላይ ጨው፣ ሌላው ላይ የተፈጨ ጠመኔ ጨመረችና አማሰለች።

«ጨዉ የታለ?» አለችው።

«ደብቀሽዋል። እጅሽ ፈጣን ነው።»

«በዚህች ቀሰም ይቅመሱት።»

ከላይ ሳበ፤ ፊቱ ተጨማደደ። ከሥር ሳበ፤ ያው ነው። ከመካከልም ሳበ። «ሁሉም ጋ ጨው ነው!»

«ሟሙቷል ማለት ነው፤ ተማሪዎች ሶሉሽን ይሉታል። ዓይን እስከማያየው ድረስ ደቆ ከውሃው ጋር አንድ ሆኗል። ቢያስተኙት አይቀመጥም፤ በጨርቅ ቢያጠሉት ከውሃው ጋር ያልፋል። አሁን ወዲህ ይመልከቱ።»

ጠመኔው ወደ ታች መውረድ ጀምሯል። ውሃው ከላይ ጠርቷል።

«ይሄኛው ሳይሟሟ ተንሳፎ ነበር፤ ሳስፔንሽን ነው። ሲወዘውዙት ይነሣል፣ ሲተዉት ይተኛል፤ ሲያጠሉት ጨርቁ ላይ ይቀራል። የባለቤትዎ መድኃኒት እንደዚህ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንደ ጨው አያሟሙትም? ሰውን ለማድከም?»

«ሁሉ ነገር በውሃ አይሟሟም። የእርስዎ ዘይት ይሟሟል?»

ጋሽ አጥልል «አይሟሟም» ብሎ አመነ፤ ይህም በሰፈሩ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

«በዘይት ቤት ከሥር የሚቀረው ጉድፍ ነው» አለች ቀስ ብላ፤ «እዚህ ግን ከሥር ያለው ነው የሚያድናቸው። ይኸው ወረቀቱ ላይ ‹ከመውሰድዎ በፊት በደንብ ይወዝውዙ› ይላል።»

«ሁለት ጠርሙስ...» ብሎ በጣቱ ቆጠረ። «ውሃ ነዋ ሳጠጣት የከረምኩት?»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የዕውቀት ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሳይወዘወዝ ሲሰጥ ጠርሙሱ ሲጀመር ከውሃ አይሻልም፣ ሲገባደድ ደግሞ ከልክ ያልፋል። የተባይ መርጫም፣ የግድግዳ ቀለምም እንዲሁ ካልተማሰለ ሥራው ይበላሻል። ደግሞም የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ የሟሟ መርዝ እንደ ጨዉ አይታይም። ጋሽ አጥልል ይህን ሁሉ በአንድ ጠዋት ተረዳ። ቤቱ ገብቶ ጠርሙሱን ሲወዘውዘው የሰፈሩ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። በዐሥር ቀን ሚስቱ ከአልጋ ተነሣች፤ መቀነቷን ፈታች፤ ኦፕራሲዮኑም ቀረ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ አጥልል ይህንኑ በዘይት ቤቱ ለተሰለፉ ደንበኞች ተርኮ ሲጨርስ ሁሉም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ባዶ ጠርሙስ ታጥባለች።

«ፋርማሲው በስተግራ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ምን አልሽ?»

«ከድልድዩ በስተግራ። አንተ ሄደህ አታውቅም። ግድግዳ እየተደገፍኩ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ጨዉንም የቀመስኩት እኔ። መጥቼ ስነግርህ ‹አሞኝታሻለች› አልከኝ። አንተ ወደ ሥራ ስትወጣ ነው እየወዘወዝኩ የጠጣሁት።»

ደንበኞቹ ወደ መደርደሪያው ዞሩ። ሐኪሙ ወሩን ሙሉ እንድትጨርስ ያዘዘው መድኃኒት ከላይ ሦስት ጣት ያህል ጠርቶ፣ ከሥር ነጩ ተኝቶ ተቀምጧል። አጠገቡ ጋሽ አጥልል ያዘጋጀው ማንኪያ አለ።

እሷ እጇን አደራርቃ ተነሣች። ጠርሙሱን ወዘወዘችው፣ ነጭ እስኪሆን። ቀድታ ጠጣችና ወደ እጥበቷ ተመለሰች።

ጋሽ አጥልል ጎንበስ ብሎ የበርሜሎቹ ሥር ተቀዶ እንደሆነ አንድ በአንድ መመርመር ጀመረ።