ጨው ጨው ይላል

በአንዲት የወረዳ ከተማ ሆስፒታል፤ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር አቶ ውብሸት ክንዱ ላይ መርፌ ተተክሎለት ተኝቷል፤ ሚስቱ ወይዘሮ አልጣሽ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ዶክተሩ በሽተኞቹን እየዞረ ወደእነሱ እየቀረበ ነው።

አልጣሽ፦ እነግረዋለሁ አልኩህ! እነግረዋለሁ!

ውብሸት፦ ምኑን? ጠዋት ጠየቀን፣ «ክኒኑን አላቋረጥኩም» አልኩት፣ አለቀ።

አልጣሽ፦ ውሸትህን ነዋ! ያስቋረጥኩህ እኔ።

ውብሸት፦ ቀስ በይ... ሰው ይሰማል።

አልጣሽ፦ ይስማ! ትንፋሽህን እየው፤ ተኝተህ አቀበት የወጣህ ትመስላለህ።

ውብሸት፦ ደምህ አሲድ ሆኗል አሉኝ። ዕድሜ ልኬን ባትሪ ላይ አሲድ ስጨምር ኖሬ... ራሴ ባትሪ ሆኜ አረፍኩ።

አልጣሽ፦ አትቀልድ! ኩላሊትህ ማውጣት ያቃተውን አሲድ የሚያበርደው ያ ክኒን ነበር። እኔ ደግሞ... ዶክተሩ «ጨው እንዳታስነኪው» ብሎኛል፣ ጣቱን ቀስሮ። ክኒኑን በምላሴ ብነካው ጨው ጨው ይላል! ከወጥህ ያወጣሁትን በክኒን ላጉርስህ?

ውብሸት፦ እና «ዶክተሩ ይቁም ብሏል» አልሽኝ።

አልጣሽ፦ አልኩህ፤ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ። ብጠይቀው ምን ነበረበት? «መሃይም» እንዳይለኝ ፈራሁ።

ውብሸት፦ ዛሬስ አይልሽም? ልጆቹም ቢሰሙ መሳቂያ ያደርጉሻል። ለንስሐ አባትሽ ንገሪና ይብቃሽ።

አልጣሽ፦ የንስሐ አባቴ ደምህን አያጥቡልኝ! ዶክተሩ ምን እንዳለ አልሰማህም? «ክኒኑን እየዋጠ እንዲህ ከሆነ አልሠራለትም ማለት ነው፤ ወደ ኩላሊት እጥበት እንልከዋለን» አለኮ።

ውብሸት፦ ይላከኛ።

አልጣሽ፦ በእኔ ጥፋት? ያንኑ መድኃኒት በደም ሥርህ ቢሰጡህ ይኸው ቀልድ ጀመርክ። ሠርቶልሃል፣ ሰውዬ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ውብሸት፦ እኔ የደበቅኩት በሽታዬን አይደለም። ሚስቴን ነው።

አልጣሽ፦ ተው... አታስለቅሰኝ።

ውብሸት፦ መጣ፣ መጣ! እንባሽን ጥረጊ። ከነጠላሽ ጫፍ የምትፈቺው ምንድን ነው?

አልጣሽ፦ ክኒንህን። መድኃኒት አይጣልም ብዬ ቋጥሬው ነበር።

ውብሸት፦ አንቺ ሴትዮ! መልሰሽ ቋጥሪው!

አልጣሽ፦ እንደምን ዋሉ ዶክተር? ወደ እጥበቱ ሳይልኩብኝ... እስቲ ይቺን በምላስዎ ይንኩልኝ።