በቁማቸው ጉንጉን የተሰቀለላቸው መምህርት

የእኅታችን የመምህርት ኢንዱማቲ ገላ ለእሳት ከመሰጠቱ በፊት ሕይወታቸውን በአጭሩ እንዳሰማ ቤተሰቡ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ራማካንትን አዝዞኛል፤ የትምህርት ቤቱ ቦርድ አባላትም ከፊት ስለተቀመጡ እስከ መጨረሻው እንዲሰሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።

መምህርት ኢንዱማቲ ከአባታቸው ከሳንስክሪት መምህሩ ከጎቪንዳቻርያና ከእናታቸው ከያሙናባይ በደቡብ ሕንድ በዳርዋድ ከተማ ተወለዱ። አባታችን ሰው አምስት ልብስ ደርቦ እንደሚኖር፣ ከላይ ከምግብ የተሠራው አካል፣ ከሥሩ እስትንፋስ፣ ቀጥሎ ሐሳብ፣ ከዚያ ማስተዋል፣ ከሁሉም ውስጥ ደስታ እንዳለ የሚናገረውን ጥንታዊ ቃል ያስጠኗቸው ነበር፤ ደስታ የሚለው ላይ ደርሰው ከተሳሳቱም መዳፋቸውን በማስመሪያ ይመቷቸው ነበር። እኅታችን ደስታን በዱላ የሚያስተምር ሰው ትምህርቱ ለራሱም አልገባውም ብለው የወሰኑት ገና በልጅነታቸው ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማችን ካጠናቀቁ በኋላ በማይሶር የመምህርነት ሙያ ሲማሩ፣ የሥነ ልቦና መምህር ከነበሩት ከአቶ ሽሪኒዋስ ጋር ተዋውቀው ተጋቡ፤ ቫይዴሂ የተባለች ልጅም ወለዱ። ባለቤታቸው የፈራ ልጅ ያጠናውን እንኳ እንደሚረሳ በምርምር አይተው ነበርና፣ የአባታችን ጥንታዊ ቃልና የእርሳቸው አዲስ ዕውቀት በአንድ ማዕድ ቀርበው፣ ክርክሩ እራት እስኪቀዘቅዝ ይዘልቅ እንደነበር አብሬ የበላሁ እኔ ምስክር ነኝ።

እኅታችን ያቋቋሙት ትምህርት ቤት የተወለደው ከዚያ ክርክር ነው። ልጆች እስትንፋሳቸውን አረጋግተው፣ አትክልት ኮትኩተው፣ የሚያስፈራቸውን ተናግረው ካበቁ በኋላ ነበር የሒሳብ መጽሐፍ የሚከፈተው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባለም ደረጃ አይወጣም ነበር። ሺቫናንድ የተባለ ልጅ እየተንተባተበ መጥቶ ክፍሉ ቢስቅበት፣ እኅታችን ጥያቄውን ሁሉ በዜማ እንዲመልስ ፈቅደውለት አንደበቱ ቀስ በቀስ ተፈታ። ያ ልጅ ዛሬ የቦርዱ ሊቀ መንበር ናቸው።

ወላጆች ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ ይህን ሁሉ ያወድሱ ነበር፤ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ግን ስለ ማስተዋል የሚጠይቅ ጠፍቶ፣ ወሬው ሁሉ የጎረቤት ልጅ ስንት አመጣ ሆነ። አቶ ሽሪኒዋስ ባረፉ በዓመቱ ቦርዱ ትምህርት ቤቱን የሕክምናና የምህንድስና ኮሌጆች መግቢያ ፈተና ማሠልጠኛ ለማድረግ ተሰበሰበ፤ አቶ ሺቫናንድም ያን የተፈታ አንደበታቸውን ይዘው ተነሡና አንዴም ሳይደናቀፉ፣ «አማ፣ እናታችን፣ ደስታ እኮ መግቢያ ፈተና ላይ አይወጣም» አሏቸው። ሰዎቹ ሳቁ፤ ድምፅ ለመስጠት እጅ ወጣ፤ እኅታችንም ካቋቋሙት ቤት ተሰናበቱ።

ውለታቸው እንዳይረሳ ተብሎ ፎቶግራፋቸው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ የሰንደል እንጨት ጉንጉንም ተደረገበት። በፎቶ ላይ ጉንጉን የሚደረገው ለሞተ ሰው መሆኑን ከመካከላቸው የማያውቅ አልነበረም፤ ግን ያን ሁሉ የተማረ ሰው አንድም አላሰበውም። እኅታችን ፎቶው በተመረቀበት ዕለት ከሥሩ ቆመው ቀና ብለው ራሳቸውን አዩና፣ «ልጆቼ፣ ትንሽ አልቸኮላችሁም?» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ያን ቅጥር አልረገጡም።

የልብ ሕመም ከቤት ካዋላቸው በኋላም፣ የማሠልጠኛው ተማሪዎች ፍርሃት ሲያንቀጠቅጣቸው በጓሮ በር እየመጡ እግራቸው ሥር ይቀመጡና መተንፈስ ይማሩ ነበር። ከእነዚህ አንዷ የሊቀ መንበሩ ልጅ ናት፤ እንቅልፍ ካጣች ቆይታለች፤ አባቷ ይህን ከእኔ መስማታቸው ያሳፍረኛል፣ ያናድደኛልም። እኅታችን ትናንት ንጋት ላይ በቤታቸው ዐረፉ።

መምህርት ኢንዱማቲ ልጃቸውን ቫይዴሂን፣ አንዲት የልጅ ልጅንና እኔን ትተው ሄደዋል። ትምህርት ቤቱን ከቀሪዎቹ አልቆጠርሁትም፤ ቀድሟቸው ሞቷል። ነፍሳቸው ከመወለድና ከመሞት እንግልት ነፃ ወጥታ ትረፍ። ዳግመኛ መወለድ ግድ ከሆነባት ግን፣ ወላጆቿ ወደዚያ ትምህርት ቤት አይላኳት።